ለሞተርሆም የሊቲየም ባትሪ ሲገዛ ገንዘቡ የት ላይ መዋል አለበት

በብሪታንያ ሞተርሆም (ማደሪያ ክፍል ያለው መኪና) ያላቸው ሰዎች የመኖሪያ ክፍሉን ባትሪ ወደ ሊቲየም ለመቀየር ሲያስቡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ሽፋኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ በሚናገረው የአምፒር-ሰዓት ቁጥርና በዋጋው ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ስለ ባትሪው የሚናገሩት ጥቂት ነው። ገበያ ላይ ያሉት ባትሪዎች ውስጣቸው ያለው ሴል ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ሲሆን፣ እውነተኛው ልዩነት የሚታየው ሴሎቹን በሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ሻጩ በሚሰጠው ዋስትና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባትሪው በሚገባበት መኪና የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ባትሪው ከሚናገረው ያላነሰ በዙሪያው ስላሉት ዕቃዎች ይናገራል።

መኪናዬ በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራ ሞተርሆም ነው። ከጋቢናው የተሳፋሪ መቀመጫ ሥር ሁለት ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ኤጂኤም (የታሸጉ የእርሳስ-አሲድ) ባትሪዎች ነበሩት፤ በእነሱ ፈንታ አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ገባ። በወረቀት ላይ የሁለቱም ቁጥር 200 ቢሆንም፣ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወርድ ስለሚመረጥ፣ ከቀድሞዎቹ በተግባር ይገኝ የነበረው 100 አምፒር-ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ሊቲየሙ ግን በ12.8 ቮልት ሲሰላ የሚይዘውን 2,560 ዋት-ሰዓት ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይሰጣል። ክብደቱም ሁለቱ ኤጂኤሞች በድምሩ ወደ 60 ኪሎ ከነበሩበት ወደ 22 ኪሎ ወርዷል። በዚህ አገር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ጀምሮ የመኪና ፈተና ያለፈ ሰው በተራ መንጃ ፈቃዱ ከ3,500 ኪሎ በላይ የተፈቀደለትን የናፍጣ ወይም የቤንዚን መኪና መንዳት አይችልም፤ ከአገር ቤት የመጣነው ብዙዎቻችን ደግሞ ፈተናውን የወሰድነው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ፣ ጋዝ፣ ብስክሌትና ቤተሰብ ለሚጭን ሰው ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ቅናሽ ትንሽ አይደለም።

ብዙ ሰው «ሊቲየም ይቃጠላል» እያለ የሚፈራው ስለ ስልክና ስለ ኤሌክትሪክ ስኩተር የሰማውን ይዞ ነው። ለሞተርሆም የሚሸጡት ግን ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባሉት ናቸው። ይህን ዓይነት በ1990ዎቹ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቀው የጆን ጉዲናፍ የምርምር ቡድን ነው (ጉዲናፍ በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት ሲጋሩ 97 ዓመታቸው ነበር)። በፎስፌቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ጠንክሮ የተያያዘ በመሆኑ ሴሉ ቢሞቅም በቀላሉ አይለቀውም፤ ስለዚህም ከስልኩ ዓይነት ይልቅ እሳት ለማስነሣት እጅግ ያስቸግራል። ሻጩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በግልጽ ካልጻፈ ሌላውን ማንበብ አያስፈልግም።

ወደ ሰሌዳው እንምጣ። ቢኤምኤስ የሚባለው ይህ ሰሌዳ አራቱን ሴሎች እየተከታተለ ቮልቴጅ ሲበዛ፣ ሲያንስ፣ ሙቀት ሲያልፍ ወይም ጅረት ሲበረታ ባትሪውን ይቆርጣል። ለገዢ ዋናው ቁጥር ያለማቋረጥ የሚያሳልፈው አምፒር ነው። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተር ባለ 2,000 ዋት ሆኖ ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ ከባትሪው 175 አምፒር ያህል ይስባል። በርካሽ ከሚሸጡት ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪዎች ብዙዎቹ ግን የገባላቸው ባለ 100 አምፒር ሰሌዳ ስለሆነ፣ የውሃ ማፍያው በተከፈተ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መኪናው በሙሉ ጨለማ ይሆናል። ከመግዛቴ በፊት አንድ ሻጭ ይህን ቁጥር እንዲነግረኝ በጽሑፍ ብጠይቀው የመለሰልኝ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚፈቀደውን ከፍተኛውን አምፒር ነበር፤ ደግሜ ስጠይቀው ዝም አለ። እኔም ከዚያ አልገዛሁም። (እግረ መንገዴን ልናገር፦ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 300 አምፒር መሳብ ይሆናል። ይህ የሚያዋጣ አይደለም፤ እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ይያዝ፣ ጀበናው ደግሞ በጋዝ ምድጃው ላይ በደንብ ይፈላል።)

ከሰሌዳው ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ጥያቄ ቅዝቃዜ ነው። ሴሉ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ በሴሉ ኔጋቲቭ በኩል ወዳለው ግራፋይት ውስጥ መግባቱን ትቶ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ በብርድ ጊዜ መሙላትን የሚከለክል መከላከያ የሌለውን ባትሪ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን፣ ለብሪታንያ ክረምት አልመክርም። መከላከያው ሲሠራ ምን እንደሚመስል በስኮትላንድ ደጋማ ስፍራ በየካቲት ጠዋት ማየት ይቻላል፦ ፀሐዩ ሶላሩ ላይ አርፏል፣ ማሞቂያውና መብራቱ ከባትሪው እየወሰዱ ነው፣ በስልኩ ላይ ግን የሴሎቹ ሙቀት ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ፣ ከሶላሩ የሚገባው ጅረትም 0.0 ተብሎ ተጽፏል። ባትሪው አልተበላሸም፤ መስጠት ይችላል፣ መቀበል ግን እንዲሞቅ ይጠብቃል። የእኔው ከመቀመጫ ሥር ስላለ የክፍሉ ማሞቂያ አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ መቀበል ጀመረ። ባትሪያቸው በውጭ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሰዎች ግን ራሱን የሚያሞቅ፣ ማለትም ከቻርጀሩ በሚመጣው ኃይል መጀመሪያ ሴሎቹን የሚያሞቅ ዓይነት ቢገዙ ተጨማሪው ዋጋ ያዋጣቸዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዲናሞውን ነው። የእርሳስ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ ራሱ ጅረቱን ይገድባል። የሊቲየም ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞው ዝቅተኛ ስለሆነ ግን የተሰጠውን ሁሉ እስኪጠግብ ድረስ ይቀበላል፤ ዲናሞውን ከባትሪው ጋር በሚያገናኘው አሮጌ ማብሪያ (ሪሌ) በኩል በቀጥታ ከተገናኘ ዲናሞውን ባለው አቅም ሁሉ ያሠራዋል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዲናሞው ማራገቢያም በዝግታ ስለሚዞር፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ዲናሞን ማቃጠል የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። በሌላ በኩል ዩሮ 6 የሚባለውን የጭስ ደረጃ የሚያሟሉ አዳዲስ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ የዲናሞውን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉት ባትሪው ሰዓታት ሙሉ ተነድቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለሁለቱም መፍትሔው በዲናሞውና በባትሪው መካከል ጅረቱንና ቮልቴጁን የሚያስተካክል፣ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚሞላ ቻርጀር ማስገባት ነው። እኔ የመረጥኩት የሆላንዱ ቪክትሮን የሚሠራውን ባለ 50 አምፒሩን ኦሪዮን ኤክስኤስ ነው፤ ከቀደሙት መሰሎቹ ይልቅ ብክነቱ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ አይሞቅም፣ ምን ያህል አምፒር እንዲስብም በስልክ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በረጅም ጉዞ ላይ ባዶ ባትሪ በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ባለ 30 አምፒሩ ዓይነት ርካሽ ሲሆን ለአንድ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በቂ ነው። የትኛውም ቢመረጥ አየር በሚያገኝበት ቦታ መታሰር አለበት፤ ከመቀመጫ ሥር ከብርድ ልብስ ጋር ታፍኖ መቀመጥ የለበትም።

ባትሪው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየው ጠቋሚ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ 12.7፣ ሲጋመስ 12.2 ቮልት አካባቢ ስለሚያሳይ በመኪናው ግድግዳ ላይ ያሉት የመብራት ምልክቶች የተሠሩት ለእርሱ ነው። ሊቲየም ግን ከ80 በመቶ እስከ 20 በመቶ ሲወርድ ቮልቴጁ ከ13.3 ወደ 13.0 ያህል ብቻ ስለሚቀንስ፣ ያ ምልክት «ሙሉ ነው» እያለ ቆይቶ በድንገት ባዶ ይሆናል። ከባትሪው ጋር የሚመጣው የብሉቱዝ መተግበሪያም ጥቃቅን ጅረቶችን በትክክል ስለማይቆጥር ከቀናት በኋላ መሳት ይጀምራል። የሚያስተማምነው በኔጋቲቩ መስመር ላይ የሚታሰር፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ጅረት የሚቆጥር ሸንት የሚባል ዕቃ ነው፤ የቪክትሮን ስማርትሸንት በዚህ ረገድ ስሙን የሚያስከብር ዕቃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሆኖም ማንኛውም ኔጋቲቭ ገመድ ሸንቱን ሳያልፍ ባትሪው ላይ በቀጥታ ከታሰረ ቆጠራው ዋጋ የለውም።

ገመድና ፊውዝ አጭር ቃል ይበቃቸዋል። ለባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር 70 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ አጭር ገመድ ያስፈልጋል። ይህ ባትሪ በአጭር ዙር ጊዜ በሺህ የሚቆጠር አምፒር ስለሚለቅ፣ ለራዲዮ የሚገዛ ዓይነት ርካሽ ፊውዝ ቀልጦም ብልጭታው ሊቀጥል ይችላል፤ እስከ 20,000 አምፒር የሚቆርጠው ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ ለባትሪው ቅርብ ሆኖ ፖዘቲቩ ላይ ይግባ። ቡሎኖቹም አምራቹ በጻፈው ልክ ይጠበቁ፤ የላላ ቡሎን ይሞቃል፣ ከልክ በላይ የጠበቀም የሴሉን ክር ይበላል። የመኪናው የቤት ኤሌክትሪክ ቻርጀር አሮጌ ከሆነ 14.4 ቮልት ላይ የሚቆም የአሞላል ምርጫ (ሞድ) እንዳለው ማየት፣ የእርሳስ ባትሪን ለማደስ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገውንም ሞድ መዝጋት ይበቃል።

ገበያውን በተመለከተ፣ ከላይ እንደ ቪክትሮን፣ ማስተርቮልትና የአሜሪካው ባትል ቦርን ያሉት አሉ፤ በመካከል እንደ ብሪታንያው ፎግስታር ያሉ በአገር ውስጥ መጋዘንና ጥገና ያላቸው፤ ከታች ደግሞ እንደ ላይታይምና ኢኮ-ወርዚ ያሉ ከቻይና አምራቾች በቀጥታ የሚሸጡት፣ ባለ 100 አምፒር-ሰዓቱን ከ300 ፓውንድ በታች የሚያቀርቡት ናቸው። ውድ መሆን ሁልጊዜ የተሟላ መሆን አይደለም፦ የቪክትሮን ስማርት ሊቲየም ባትሪ ራሱን በራሱ አይቆርጥም፣ ለብቻው የሚገዛ ውጫዊ ቢኤምኤስ ይፈልጋል። ይህ ለትልልቅ ሥርዓቶች የታሰበበት አሠራር ነው፤ አንድ ባትሪ ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ወጪና ውስብስብነት ይጨምራል። የእኔ ምርጫ መካከለኛው መደብ ነበር፤ አሁንም ለሚጠይቁኝ የምመልሰው እርሱን ነው።

ርካሹን ለመመርመር አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ እርሱም ሚዛን ነው። ኢቪኢ የሚባለው የቻይና አምራች የሚሠራው የታወቀው ባለ 280 አምፒር-ሰዓት ሴል ለብቻው 5.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሴሎቹ ብቻ ከ15 ኪሎ በላይ ይሆናሉ፤ ሣጥኑና ሰሌዳው ሲጨመር ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ማስታወቂያው «200 አምፒር-ሰዓት፣ 13 ኪሎ» ካለ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ውሸት ነው።

ስለ ዋስትናም «10 ዓመት» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያስተማምንም። የሊቲየም ባትሪ በማጓጓዣ ደንብ አደገኛ ዕቃ ተብሎ የተመደበ በመሆኑ ወደ ባሕር ማዶ መልሶ መላክ ውድም አስቸጋሪም ነው፤ ስለዚህ የተመላሽ አድራሻው ብሪታንያ ውስጥ መሆኑን ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ ይገባል። በ2015 የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት ከሻጭ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ካለበት በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነና በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ ደግሞ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 የካርዱን ኩባንያ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። ለዚህ ግዢ ክሬዲት ካርድ መጠቀም የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ለመኪናው ኢንሹራንስም ለውጡን በጽሑፍ ማሳወቅና መልሱን ከደረሰኙ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አገር ቤት መብራት ሲጠፋ ለኢንቨርተር እንዲሆን «አንዱን በሻንጣ አምጣልኝ» የሚል ዘመድ የማይጠፋ በመሆኑ ይህንንም ልጨምር። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም፤ ትንሹ የሞተርሆም ባትሪ እንኳ 1,280 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ለመለመንም አይመች። በካርጎ መላክ ቢቻልም በደንቡ መሠረት የተዘጋጀና ዩኤን 38.3 የተባለውን ፈተና ያለፈበት ሰነድ ያለው መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት የማያስፈልጋቸው ሰዎችም አሉ። ፍሪጁ፣ ማሞቂያው፣ ፓምፑና መብራቱ በአንድ ላይ በቀን 70 አምፒር-ሰዓት ገደማ ስለሚወስዱ፣ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ሁለትና ሦስት ሌሊት የሚያድር ሰው የሊቲየምን ጥቅም በግልጽ ያየዋል፤ በተለይ በዲሴምበር፣ ሶላሩ ምንም ያህል በማይሰጥበት ጊዜ። በበጋ ብቻ ወጥቶ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ባለበት ካምፕ የሚያርፍና የክብደት ችግር የሌለበት ቤተሰብ ግን አንድ ጥሩ ኤጂኤም ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለነዳጅ ቢያውለው ይሻለዋል።