ፖስት አፊሊየት ፕሮ ለኦንላይን ጌም ኮሚሽን፦ ጂማ ላይ ለሚሠራ ሰው የሚያዋጣውና የሚያስቸግረው

ጂማ ውስጥ የቴሌግራም ቻናል ያለው፣ የፕሌይስቴሽን ቤት የሚያስተዳድር ወይም የኳስ ግምት የሚለጥፍ ሰው ከኦንላይን ጌም ድርጅት ጋር ሲዋዋል ሁለት ዓይነት ክፍያ ይቀርብለታል። አንደኛው ላመጣው ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጊዜ የሚሰጥ ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ልክ እንደ ቡና ደላላ አሻሽጦ ኮሚሽኑን ተቀብሎ መሄድ። ሁለተኛው ሬቨኒው ሼር የሚሉት ነው፦ ተጫዋቹ እስከተጫወተ ድረስ ድርጅቱ ከሚያገኘው ላይ በየወሩ ፐርሰንት ይቆረጥለታል። አስተዋዋቂው ያመጣውን ደንበኛ ተከታትሎ ኮሚሽኑን የሚይዘውን ፖስት አፊሊየት ፕሮ የተባለ ሶፍትዌር እዚህ የምንገመግመው ለሁለተኛው ነው።

ፍርዱን እናስቀድም። ሶፍትዌሩ የስሎቫኪያው ኳሊቲ ዩኒት ሥራ ነው፤ ላይቭኤጀንት የተባለውን የደንበኞች አገልግሎት ሶፍትዌር የሚሠራውም ያው ድርጅት ነው። ወርሃዊ ክፍያ ለሚያስከፍል ወይም የጨዋታ ኮይን ለሚሸጥ ጌም በደንብ ይሆናል። ለቤቲንግ ግን የሒሳቡን ዋና ሥራ ውጭ ጨርሶ ውጤቱን ማስገባት ይጠይቃል። ይህን የሚሠራ ፕሮግራመር የሌለው ድርጅት ከመጀመሪያውኑ ለጌሚንግ ተብለው የተሠሩትን እነ አፊልካን፣ ኢንካም አክሰስንና ማይአፊሊየትስን ቢያይ ይሻለዋል። አምስትና ስድስት አስተዋዋቂ ብቻ ያለው ደግሞ ለጊዜው በኤክሴል ቢሠራ አንዳች አይጎድልበትም።

ውል የሚፈርሙ ሰዎች የሚከራከሩት በፐርሰንቱ ላይ ነው። 25 ይሁን 30፣ 35 ይሁን 40። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ፐርሰንቱ ከምን ላይ እንደሚቆረጥ ነው። በውርርድ ሥራ ገቢ ማለት ተጫዋቹ ያስገባው ብር አይደለም። ከተወራረዱበት ጠቅላላ ብር ላይ ለአሸናፊዎች የተከፈለው ሲቀነስ ጠቅላላ የጨዋታ ገቢ ይገኛል፤ ከዚያ ላይ ቦነስና የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ሲወርድ የተጣራው ይቀራል።

በቁጥር እንየው። የአንድ ቻናል ተጫዋቾች በወሩ 120,000 ብር ተወራርደው 92,000 ብር ቢያሸንፉ የሚቀረው 28,000 ነው። 6,000 ብር ቦነስ፣ 1,000 ብር የማስተላለፊያ ወጪ ሲነሳ የተጣራው 21,000 ይሆናል፤ 30 ፐርሰንቱ 6,300 ብር ነው። እነዚሁ ሰዎች በወሩ በቴሌብር ያስገቡት 40,000 ብር ቢሆንና ፕሮግራሙ እሱን እንደ ሽያጭ ቢቆጥረው ግን ኮሚሽኑ 12,000 ብር ይመጣል። ይህ ከድርጅቱ የተጣራ ገቢ ግማሽ በላይ ነው። ፖስት አፊሊየት ፕሮ ለመደበኛ የኦንላይን ሽያጭ የተሠራ ስለሆነ የሚገፋው ወደዚሁ ነው፤ የክፍያ ገጹ ላይ የመከታተያ ኮዱን ለጥፉ ይላል፣ ኮዱም ዲፖዚቱን ሽያጭ ብሎ ይመዘግባል። ቤቲንግ ላይ ይህ ኮድ ዲፖዚት ገጽ ላይ መለጠፍ የለበትም።

በአስተዋዋቂው በኩል የሚታየው ደግሞ የተቃራኒው ነው። ውሉ «የተጣራ ገቢ» ብሎ ብቻ ካለፈ ድርጅቱ የፈለገውን ወጪ ይቀንሳል። የሚቀነሰው በስም ይዘርዘር፦ ቦነስ፣ የማስተላለፊያ ክፍያ፣ የሶፍትዌር ኪራይ ካለ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ። በተለይ ከአሸናፊው ላይ ተይዞ ለመንግሥት የሚገባው የሽልማት ግብር እንደገና የድርጅቱ ወጪ ተደርጎ እንዳይቀነስ። የተያዘው ከተጫዋቹ ሽልማት ላይ ነው፤ ሽልማቱ ደግሞ በሙሉ አስቀድሞ ከሒሳቡ ወጥቷል። ሁለት ጊዜ ሲቀነስ አስተዋዋቂው ሳያውቀው ይጎዳል።

አሁን ወደ ዝርጋታው። በሶፍትዌሩ ውስጥ መጀመሪያ ካምፔን፣ ማለትም ሊንኮቹና የኮሚሽን ደንቦቹ የሚቀመጡበት ክፍል፣ ይከፈታል። ካምፔኑን የግል ማድረግ ይመረጣል፤ ያለፈቃድ ማንም ገብቶ ሊንክ እንዳይወስድ። በካምፔኑ ሥር የኮሚሽን ግሩፖች አሉ፤ ለጀማሪው አንድ፣ ለነባሩ ሌላ እየተባለ የተለያየ ፐርሰንት ይሞላባቸዋል። ከዚያ ሁለት የሚምታቱ ነገሮች ይመጣሉ። ሪከሪንግ ኮሚሽን የሚባለው በየወሩ ተመሳሳይ ክፍያ ለሚፈጽም ደንበኛ የታሰበ ነው፤ ወርሃዊ አባልነት ለሚሸጥ ጌም ልክ ነው፣ ለቤቲንግ አይሆንም። ላይፍታይም ኮሚሽን የሚባለው ደንበኛውን ከአስተዋዋቂው ጋር አስሮ፣ ወደፊት ያለ ሊንክ ቢመጣም ኮሚሽኑን ለዚያው ሰው የሚያደርግ ነው። ለኮይን ሽያጭ የሚበራው ይህ ነው። እንዲሠራ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ደንበኛውን የሚለይ ቋሚ ቁጥር መላክ አለበት። ቁጥሩ ካልተላከ ሲስተሙ ያው ሰው መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ሁለተኛው ግዢ ያለ ባለቤት ይቀራል።

ስልክ ቁጥርን እንደ መለያ መላክ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይሞክሩታል። አይደረግ። አስተዋዋቂው የራሱን ሪፖርት ሲከፍት የተጫዋቾቹን ስልክ ሊያይ ይችላል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እያለ ደግሞ ይህን ማድረግ ድርጅቱን በሕግ ያስጠይቃል። ትርጉም የሌለው የተጫዋች ኮድ ይበቃል።

ለቤቲንግ የምንመክረው አሠራር ሌላ ነው። ተጫዋቹ ሲመዘገብ የአስተዋዋቂው መለያ በድርጅቱ በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ፣ ከተጫዋቹ ስም አጠገብ ይጻፍ። የተጣራው ገቢ እዚያው በየተጫዋቹ ይሰላ። ወደ ፖስት አፊሊየት ፕሮ የሚሄደው ውጤቱ ብቻ ነው፤ በኤፒአይ (ሁለት ሶፍትዌሮች መረጃ በሚለዋወጡበት መንገድ)፣ ለእያንዳንዱ መስመር የማይደገም የትዕዛዝ ቁጥር ተሰጥቶት። የተጫዋቹን ኮድና ቀኑን አገናኝቶ ቁጥር ማድረግ በቂ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ያው ፋይል ሁለቴ ሲላክ የሚያድነው ይህ ቁጥር ነው፤ ሶፍትዌሩ የተደገመ የትዕዛዝ ቁጥርን እንዲይዝ ተደርጎ ይዘጋጃል።

ጂማ ላይ ቁጥሩን የሚያዛባው ትልቁ ነገር ቴሌግራም ነው። ከቻናል ላይ ሊንክ የነካ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገባው በቴሌግራሙ ውስጥ ባለው ብሮውዘር ነው። ማን እንዳመጣው የሚያስታውሰው ትንሽ ፋይል፣ ኩኪው፣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሰውየው አይቶ ይዘጋና ማታ በክሮም ከፍቶ ሲመዘገብ ኩኪው አብሮት የለም፤ ተጫዋቹ ማንም ያላመጣው ሆኖ ይመዘገባል። የኩኪውን ዕድሜ ከ30 ቀን ወደ 90 ቢያደርጉት ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም ችግሩ ዕድሜው አይደለም። ሳፋሪ ላይ ደግሞ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ኩኪ ከ7 ቀን በላይ አይቆይም። መፍትሔው ኮድ ነው፦ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «የጋባዥ ኮድ» የሚል ሳጥን ይኑር፣ እያንዳንዱ ቻናልም አጭር ኮድ ይሰጠው። ሶፍትዌሩ ለዚህ የኩፖን ክፍል አለው። ኮዱ ከኩኪው ጋር ቢጋጭ የትኛው እንደሚያሸንፍ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ተጫዋቹ በእጁ የጻፈው ኮድ ቢቀድም ሙግት ይቀንሳል።

ሁለተኛው ችግር የማጭበርበር መከላከያው ራሱ ነው። ፖስት አፊሊየት ፕሮ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ተደጋግሞ የመጣን ክሊክና ሽያጭ ውድቅ ማድረግ ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች በአንድ አድራሻ በኩል ይወጣሉ፤ በጂማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳም ሆነ ዋናው ግቢ በዋይፋይ የተቀመጡ ተማሪዎች ለሰርቨሩ እንደ አንድ ሰው ሊታዩ ይችላሉ። መከላከያው ጠበቅ ብሎ ከተተወ እውነተኛ ተመዝጋቢዎች ይጣላሉ፣ አስተዋዋቂውም ተዘረፍኩ ይላል፤ ልክም ነው። በእኛ አገር ውድቅ ከማድረግ ይልቅ ለምርመራ ማቆየት ይሻላል። ሁለት አካውንት የከፈተውን የሚያጋልጠው አድራሻው ሳይሆን ብሩ የወጣበት የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ ጥቃቅን ቢመስልም በወር መዝጊያ ላይ ጭቅጭቅ የሚያመጣው እሱ ነው። በአውሮፓ ክረምት የሚደረጉ የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምረው የሚያልቁት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ከተተወ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነውና ለእሱ ቀኑ አልተለወጠም። በወሩ የመጨረሻ ምሽት ተቆርጦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተዘጋ ትኬት በድርጅቱ መዝገብ ወደሚቀጥለው ወር ሲገባ በሶፍትዌሩ ባለፈው ወር ይቀራል። ሁለቱንም በአዲስ አበባ ሰዓት ማስተካከል፣ ገቢውም ትኬቱ በተዘጋበት ቀን እንዲቆጠር መስማማት ይገባል። ወሩም የፈረንጅ ይሁን የሐበሻ በግልጽ ይጻፍ፤ ጳጉሜን የትኛው ክፍያ ውስጥ እንደምትገባ ሳይነገር ቀርቶ የተጣሉ አሉ።

የሁሉ ከባዱ ኪሳራ ያለበት ወር ነው። የቅድሙን ቻናል እንውሰድ። በሁለተኛው ወር 110,000 ብር ተወራርደው፣ አንድ ሰው ትልቅ ትኬት መትቶ ድምሩ 136,000 ብር ተከፈለ እንበል። 26,000 ጎደለ። 5,000 ቦነስና 1,000 የማስተላለፊያ ሲጨመር የተጣራው ከዜሮ በታች 32,000 ነው፤ የአስተዋዋቂው 30 ፐርሰንት ድርሻ ከዜሮ በታች 9,600 ይሆናል። በሦስተኛው ወር የተጣራው 25,000 ቢሆን ድርሻው 7,500 ነው። ኪሳራው ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል የሚል ውል ከሆነ 7,500ው በሙሉ ለዕዳ ይሄድና ገና 2,100 ይቀርበታል፤ የሦስተኛው ወር ክፍያ ዜሮ ነው። ወሩ ሲዞር ይሰረዛል የሚል ከሆነ 7,500 ብሩን ይወስዳል። ፐርሰንቱ በሁለቱም ውል አንድ ነው።

የሽያጭ ሶፍትዌር ይህን ዓይነት ሒሳብ የሚረዳው «የተመለሰ ዕቃ» አድርጎ ነው፤ ኮሚሽኑን ወደኋላ ይቀንሳል። የገንዘብ ተመላሽ በሚጠየቅበት የኮይን ሽያጭ ላይ ደህና ይሠራል። ቤቲንግ ላይ ግን በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሒሳብን በተመላሽ መልክ መመዝገብ ሪፖርቱን ማንም የማያነበው ያደርገዋል። ስለዚህ ማመጣጠኑ ውጭ አልቆ በሳምንት አንድ ጊዜ እንደ ጊዜያዊ፣ ወሩ ሲዘጋ ደግሞ እንደ ጸደቀ ኮሚሽን ቢገባ ጥሩ ነው። ከሳምንት በላይ ቁጥር ያላየ አስተዋዋቂ ይጠራጠራል።

ለትንሽ ድርጅትም ለትንሽ ቻናልም የሚስማማው መካከለኛ መንገድ ኪሳራው ለአንድ ወር ብቻ ተላልፎ እንዲሰረዝ ነው። ከዚያ በተጨማሪ አንድ ተጫዋች ብቻውን ከተወሰነ መጠን በላይ ሲያሸንፍ የእሱን ሒሳብ ለብቻ ለይቶ ማቆየት፤ ኪሳራው ወደፊት ከእሱ ከራሱ በሚመጣ ገቢ ብቻ ይካካሳል፣ የሌሎቹ ተጫዋቾች ኮሚሽን አይነካም። ይህን መለያየት ፖስት አፊሊየት ፕሮ አይሠራላችሁም፤ በዳታቤዙ በኩል ነው የሚሠራው።

ደረጃ ያለው ፐርሰንት ለማድረግ ፐርፎርማንስ ሪዋርድስ የተባለው ክፍል አለ፤ የተቀመጠውን መጠን ያለፈን አስተዋዋቂ ወደ ከፍተኛው ኮሚሽን ግሩፕ ያዛውራል። ምቹ ነው፤ ግን አዲሱ ፐርሰንት በጠቅላላው ላይ ነው ወይስ ባለፈው ክፍል ላይ ብቻ የሚለው አስቀድሞ ይወሰን። እስከ 50,000 ብር 25፣ ከዚያ በላይ በጠቅላላው 30 ፐርሰንት ከተባለ በ50,000 ላይ 12,500 የነበረው አንድ ብር ሲጨመር 15,000 ይሆናል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ያቺን ብር ለመሙላት በሌላ ሰው ስም የሚቆረጥ ትኬት የሚመጣው ከዚህ ነው። ባለፈው ክፍል ላይ ብቻ ይሁን።

አስተዋዋቂ በአስተዋዋቂ ሥር የሚገባበት ባለብዙ ደረጃ ኮሚሽንም አለው። ከአንድ ደረጃ በላይ አታብሩት። ሰው በመመልመል ብቻ የሚከፈልበት ፒራሚድ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው።

ክፍያ ላይ ከቴሌብር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነገር አትጠብቁ። የክፍያ ዘዴውን በራሳችሁ ስም ፈጥራችሁ የአስተዋዋቂውን የሒሳብ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን ትጨምራላችሁ፤ ወሩ ሲዘጋ ዝርዝሩን በፋይል አውጥቶ በእጅ መላክ ነው። ዝቅተኛውን የመክፈያ መጠን ከፍ አታድርጉት፤ ትንሽ ቻናል ይዞ ጂማ መርካቶ አካባቢ ያለ ልጅ 300 ብሩን ለወራት ሲጠብቅ ሊንኩን ያነሳዋል። ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ የከፋዩ ነው፤ ቲን የሌለው ሰው ላይ የሚቀነሰው እጅግ ስለሚበዛ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ቲን ይጠየቅ። የሶፍትዌሩ የራሱ ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ኦንላይን የሚከፍል የባንክ ካርድ ሳይያዝ ሙከራውን መጀመር ትርጉም የለውም።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። በቤቲንግ ሬቨኒው ሼር አስተዋዋቂው የሚከፈለው ተከታዮቹ ሲሸነፉ ነው። «የዛሬ እርግጠኛ ትኬት» ብሎ የሚለጥፈው ሰው ከትኬቱ መውደቅ እንደሚጠቀም ተከታዩ የማወቅ መብት አለው፤ ቻናሉ ላይ ተጽፎ መታየት አለበት፣ ውሉም ያስገድድ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ላይ ኮሚሽን እንደማይከፈልም ይጻፍ። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ላይ ይህ አንቀጽ ለይስሙላ የሚገባ አይደለም፤ ከመታወቂያ ማረጋገጫ በፊት ምንም ኮሚሽን እንዳይጸድቅ በሶፍትዌሩ ማዘጋጀት ይቻላል፣ አዲስ ኮሚሽን ሁሉ በመጠባበቂያ እንዲገባ በማድረግ።

በመጨረሻ «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል መርምሩ። አስተዋዋቂው ለሦስት ወር አዲስ ሰው ካላመጣ የድሮዎቹ ኮሚሽን ይቆማል የሚል አንቀጽ በብዙ ውል ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ድርጅቱ ሶፍትዌር ሲቀይርም የተጫዋቾቹ ማሰሪያ አብሮ ካልተዛወረ ኮሚሽኑ በዝምታ ይቋረጣል። የአስተዋዋቂው መለያ በድርጅቱ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥ ያልነው ለዚህም ጭምር ነው። አስተዋዋቂ ከሆናችሁ ደግሞ በየወሩ የተጫዋች ኮዶቻችሁን ዝርዝር ከሪፖርቱ አውርዳችሁ አስቀምጡ።