«1964» የሚለው ጽሑፍ እንዳያታልላችሁ፦ አሮጌ የጂ አይ ጆ ወታደር ለምትገዙ ማስጠንቀቂያ

ባለፈው ወር በቨርጂኒያ በተካሄደ የአሮጌ አሻንጉሊቶች ባዛር ላይ «የ1964 የመጀመሪያው ጂ አይ ጆ ነው» ተብሎ ለተሸጠልኝ የወታደር አሻንጉሊት 420 ዶላር ከፍዬ፣ ቤት ገብቼ ሱሪውን ሙሉ በሙሉ ሳወልቀው መታለሌን ስለተረዳሁ፣ በዚህ በአሜሪካ እንደ እኔ በየያርድ ሴሉና በየባዛሩ አሮጌ ዕቃ የምታሳድዱ ወገኖች በተመሳሳይ መንገድ ገንዘባችሁን እንዳታጡ ይህን ጽፌያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻጩ በማስረጃነት ያሳየኝ በአሻንጉሊቱ መቀመጫ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ነበር። ሱሪውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ «1964» የሚለውን መስመር ሲያሳየኝ የታችኛውን መስመር በአውራ ጣቱ ሸፍኖት እንደነበር ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው። በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ከሥር 3,277,602 የሚል የፈጠራ ባለቤትነት መብት ቁጥር አገኘሁ። ይህ መብት የተሰጠው በጥቅምት 1966 ስለሆነ፣ ቁጥሩ ያለበት ገላ ከዚያ በፊት ሊመረት አይችልም፤ በ1964 በተመረቱት ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈው የመብት ጥያቄው ገና በሂደት ላይ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ነው። 1964 የቅጂ መብቱ ዓመት እንጂ የምርት ዓመት አይደለም፤ አምራቹ ኩባንያም ለብዙ ዓመታት ባወጣቸው ወታደሮች ላይ ሳይለውጠው ቆይቷል።

ሰብሳቢዎች ለዚያች አንድ ዓመት ይህን ያህል የሚከፍሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ሃስብሮ የምንለው፣ በሮድ አይላንድ ግዛት በፓውተኬት ከተማ የነበረው የሃሰንፌልድ ወንድማማቾች ኩባንያ፣ ስታን ዌስተን የተባለ ሰው ያመጣለትን ሐሳብ በዶን ሌቪን መሪነት ሠርቶ በ1964 ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት አይጫወትም የሚለውን አመለካከት ለመሻገር ሲል ለምርቱ «አክሽን ፊገር» የሚል አዲስ ስም አወጣለት። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን 21 ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ነበሩት፤ በምድር ጦር፣ በባሕር ኃይል፣ በአየር ኃይልና በባሕር ወለድ ጦር መለዮ ይሸጥ ነበር። (ኩባንያው «አሻንጉሊት» የሚለውን ቃል እንዲህ ቢሸሽም በ1989 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቀረጥ ጉዳይ አሻንጉሊት ነው ብሎ ፈርዶበታል።) የቬትናም ጦርነት በሕዝብ ዘንድ እየተጠላ ሲመጣ ወታደሩ በ1970 ወደ ጀብደኛ አሳሽነት ተለወጠ፤ በቀለም የተቀባው ፀጉሩም በእጅ ሲዳሰስ እንደ ከፋይ በሚለሰልስ ፀጉር ተተካ። እንግዲህ ባለ ከፋይ ፀጉር ወታደር «የ1964 ነው» ከተባላችሁ ጽሑፉን ማየት እንኳ አያስፈልጋችሁም። ዕቃ እንዲጨብጥ ተብሎ ከለስላሳ ጎማ የተሠራው እጅም የመጣው በ1974 ነው።

በቀኝ ጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ የእውነተኛነቱ ምልክት ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ጠባሳው የተደረገው ሌሎች ኩባንያዎች አስመስለው እንዳይሠሩት ነው፤ በስህተት በቀኝ አውራ ጣት ውስጠኛ በኩል የተቀረጸው ጥፍርም ለዚሁ ዓላማ ሳይታረም ቀርቷል። ይሁን እንጂ ኩባንያው ራሱ በ1994 ለ30ኛው ዓመት መታሰቢያ ባወጣቸው ላይም ጠባሳው ስላለ፣ ዕድሜን አያረጋግጥም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የተገጣጠመው ነው። መለዮውና መሣሪያው ከጥንትም ለብቻቸው ይሸጡ ስለነበር፣ እውነተኛ የ1964 ሸሚዝ በኋለኛ ገላ ላይ ማልበስ ቀላል ነው፤ እኔም የተሸወድኩት በዚህ ነው። ገላው አሜሪካ፣ የልብሱ ምልክት ደግሞ ጃፓን ወይም ሆንግ ኮንግ ቢል አትደንግጡ፤ አሠራሩ እንደዚያው ነበር። ከ1982 ጀምሮ የወጡትን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን ትንንሾቹን የምትፈልጉ ደግሞ ክንዱን ከክርን በላይ ይዛችሁ አዙሩት፤ ዙሪያውን ከዞረ የ1983 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ነው።

ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ሻጩን ስጠይቀው ደረሰኙን እንዳነብ ነገረኝ፤ ደረሰኙ ላይ የሰፈረው «አሮጌ ወታደር፣ ባለበት ሁኔታ የተሸጠ» የሚል ብቻ ነበር። ስለዚህ በቃል የነገሯችሁን ዓመት በደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ የመመለሻ ቀንም ይግባበት። በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ በመቀመጫው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉም መስመሮቹ የሚነበቡበት ፎቶ ሳይላክላችሁ አትክፈሉ።