አፑ የምድር እምቧይን «ኪያር ነው፣ ይበላል» አለኝ

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ ሦስተኛዋም ሐረግ ሬሳ የሚባለውን የአጥር ሐረግ በአንዴ ስላወቀልኝ ነው። ይሄ ቅጠል ፎቶ አንስተህ ስሙን የሚነግርህ አፕ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ የኔ ጉዳይ እንደ ምድር እምቧይ ያሉትን የኪያር የዱር ዘመዶች ይለያል ወይ የሚለው ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአጎቴ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ በመስኖ ሽንኩርትና ኪያር ያለማል፣ አምና ኪያሩ ቅጠሉ ዥጉርጉር እያለ ፍሬው እየተጣመመ አስቸገረው፣ አንድ የግብርና ባለሙያ መጥቶ አይቶ ቫይረስ ነው፣ ከማሳው ዳር ያለው ሐረግ የኪያር ወገን ከሆነ በሽታውን ያቆይልሃል ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ደግሞ ከዛ እያነሳ ያመጣልሃል፣ ንቀለው አለው። እሺ፣ ግን የትኛውን ሐረግ? ዳሩ ላይ እኮ አራት አይነት ተጠላልፎ ነው ያለው። እኔ ከተማ ያደግኩት ስልክ አለኝ ተብዬ ተላክሁ በቃ።

አፑ ለ7 ቀን ነጻ ነው፣ ከዛ በዶላር ክፈል ይላል፣ እኛ ደግሞ የዶላር ካርድ ከየት አምጥተን፣ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ። ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ አይሠራም፣ ማሳው ላይ ሆኜ ዳታው እየጠፋ መንገድ ዳር ድረስ እየወጣሁ ነበር የምልከው።

መጀመሪያ የአንዱን ሐረግ ቅጠል ብቻ አነሳሁ። «ኪያር፣ 91 በመቶ» አለኝ። እንዴ! የኪያር ቅጠል ሰፊ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ላይ ነው የሚሾለው፣ ይሄ ግን እንደ በለስ ቅጠል ወደ ውስጥ የተቆራረጠ፣ አመድ አመድ የሚል፣ ስትነካው የሚሻክር ነው። ከሌላ በኩል ሳነሳው ሐብሐብ ሆነ። ያንኑ ተክል! ሦስተኛ ላይ ቅጠሉን ገልጬ ፍሬውን አሳየሁት፣ የአውራ ጣት የምታክል፣ አረንጓዴ ላይ ነጣ ያለ መስመር ያላት፣ ለስላሳ እሾህ የለበሰች ነገር ናት፣ ያኔ «ኩኩሚስ ፕሮፌታረም» አለ። ይሄኛው ያስኬዳል፣ ሊኒየስ የሚባለው ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ በፈረንጆቹ 1755 ያወጣለት ሳይንሳዊ ስም ነው፣ የነቢያት ኪያር እንደማለት። ስሙን ሳይ ትዝ ያለኝ የኤልሳዕ ምንቸት ነው፣ ያ በረሃብ ዘመን ሰውየው ሳያውቀው የዱር ሐረግ ፍሬ ከትፎ የከተተበት።

እሱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አፑ ኪያር ነው ብሎ በተሳሳተበት ገጽ ላይ ከስሙ ስር አረንጓዴ ምልክት አድርጎ «ፍሬው ይበላል፣ ለሰላጣ ይሆናል» ይላል። ኧረ በማርያም! የዱሮቹ እኮ ብዙዎቹ መራራ ናቸው፣ ኩኩርቢታሲን የሚባል ነገር አለባቸው፣ ሆድ ያገለብጣል፣ ያስመልሳል፣ ልጅ ላይማ አያድርስ ነው። ቀምሼ ልለይ የሚል ሰው ካለ ይተወው። ሁለት ኮከብ የቀነስኩት በዚህ ብቻ ነው፣ የዶላሩን ይቅር ብያለሁ።

በማግስቱ ደብረ ሲና ታች ያሉት አያቴ ጋ አንድ ቅርንጫፍ ይዤ ሄድኩ። እማማ መነጽርም ሳያደርጉ «የምድር እምቧይ ነው ልጄ፣ ምን ልታደርግበት ነው?» አሉኝ፣ ሥሩን ለሆድ ሕመም የሚቆፍሩት አሉ ብለው ደግሞ አስጠነቀቁኝ። እምቧይ የሚባለው ሌላ ነው፣ እሾሃሙ ቁጥቋጦ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው፣ ይሄኛው መሬት ላይ ስለሚሳብ ነው የምድር የተባለው። ግን እሳቸውም ቢሆኑ ከታች ቆላ ያለውንም ደጋ ላይ ያለውንም ባንድ ስም ነው የሚጠሩት፣ የደጋው ኩኩሚስ ፊሲፎሊየስ የሚባለው ራሱን የቻለ ዝርያ ነው፣ ፊሲፎሊየስ ማለት ቅጠሉ በለስ የመሰለ ማለት ነው። እዛው አጥር ላይ የነበረውን ሐረግ ሬሳ ግን አፑ ወዲያው አገኘው፣ ትንንሽ ነጭ አበባ፣ ሲበስል ቀይ የሚሆን ድብልብል ፍሬ፣ እሱም የኪያር ቤተሰብ ነው ግን ሩቅ ዘመድ።

አፑ አንዴም ያልጠየቀኝ፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሆኖ የቀረው ነገር ሐረጉ የሚጠመጠምበትን ቀጭን ክር ነው። ኪያርና የቅርብ ወገኖቹ ክራቸው ነጠላ ነው፣ ቅልና ሐብሐብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ለሁለት ይከፈላል። በአይን የሚታይ ነው፣ ዳታ አይበላ። ከዛ አበባውን፣ ወንዴውም ሴቴዋም ቢጫ ናቸው፣ ሴቴዋ ከሥሯ ገና ሳትከፈት ትንሽዬ እሾሃም ፍሬ ይዛ ትታያለች፣ ያቺን በጎን አንስቶ መላክ ከ10 የቅጠል ፎቶ ይሻላል።

አጎቴ ሌላም ጠይቆኝ ነበር፣ ይሄ መራራ ነገር ከኪያሬ ጋር ተዳቅሎ ምርቴን አያመርርብኝም ወይ ብሎ። አፑ እዚህ ላይ ዝም ነው። ሳነብ ያገኘሁት፣ ኪያር ክሮሞዞሙ 14 ነው፣ የማሳው ዳር ፕሮፌታረም 24፣ ማሳ ላይ ተዳቅለው ዘር አይሰጡም። የኪያር አገሩ ራሱ ሂማላያ ሥር ነው፣ ቻይና አካባቢ ያለው ኩኩሚስ ሂስትሪክስ የሚባለው 24 ይዞም ቢሆን ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በብዙ ድካም ከኪያር ጋር አዳቅለውታል፣ ግን ያ ላብራቶሪ ነው። የአጎቴ ኪያር የመረረው ውሃ ሲቋረጥበትና ሙቀቱ ሲበረታበት ነው፣ እሱን ስነግረው ዞሮ የመስኖ ተረኛውን መሳደብ ጀመረ።

የዳሩን የምድር እምቧይ ነቅለነዋል። የአክስቴን ልጅ ግን ክፍያውን እንዳታድሰው ነግሬያታለሁ።