የጋደሞታው ጥቁር ባልጩት ወይስ የስዊድኗ ትንሽ ፍሊንት?

ሁለቱም የአዳኝ መሳሪያ ናቸው ግን ሀሳባቸው በጣም ይለያያል። ጋደሞታ ከዝዋይ ሀይቅ በስተምዕራብ ነው ያለው፣ እዛ የተገኙት የኦብሲዲያን (የጥቁር ባልጩት) የጦር ጫፎች ከ279,000 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ኦብሲዲያን እኮ የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው ስለቱ ምላጭ በሉት፣ ግን ቶሎ ይሸረፋል፣ ጫፉ ሲሰበር እንደገና ትጠርበዋለህ፣ በጠረብከው ቁጥር ደግሞ እያነሰ ይሄዳል።

ፍሊንት ደግሞ ስለት የሚወጣለት ሌላ ድንጋይ ነው፣ ትንሽ ጠንከር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1951 ስዊድን ውስጥ ሎሹልት የሚባል ቦታ ረግረግ ውስጥ የተገኘውን ፍላጻ እዩት፣ የጥድ እንጨት ነው፣ አንዷ የፍሊንት ስባሪ ጫፉ ላይ ሌላዋ ጎኑ ላይ በዛፍ ሙጫ ተለጥፈው ከ9,000 ዓመት በላይ ቆይተዋል! የጎኗ ስራ ቁስሉን ማስፋት ነው። አንዷ ብትወድቅ ሙጫውን አሙቀህ ሌላ ትተክላለህ፣ እንጨቱ አይጣልም።

ለስለት ከሆነ የኛው ኦብሲዲያን ይበልጣል፣ ለጥገና ግን ምርጫዬ የስዊድኗ ናት። በነገራችን ላይ ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ እናቶች እጀታ ላይ በሙጫ የተተከለ ድንጋይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሰሩበት ኖረዋል፣ ሲደንዝ እዛው እጀታው ላይ እንዳለ ጠርዙን መታ መታ አድርገው ይስሉት ነበር።