ፈቃዱ የዕቃ መሸጫ፣ ኢንሹራንሱ የመኪና

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ከክረምቱ በፊት ቆርቆሮ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትሰጡ። እኔ ሰጥቼ ነው የነቃሁት።

ቤታችን ሆጤ አካባቢ ነው። ቆርቆሮውን ያስመታው አባቴ ነው፤ ዝጎ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ግንቦት ላይ ኮንትራክተር ነኝ የሚል ሰው በዘመድ በኩል መጣ። አፉ ማር ነው። ዕቃውንም ሥራውንም ችሎ በ260 ሺህ ብር ተስማማን። 150 ሺውን ቀብድ ወሰደ።

ዝም ብዬ አልሰጠሁትም፣ ጠይቄያለሁ። «ፈቃድ አለህ?» ስለው ኮፒ አወጣ። ማህተም አለው፣ የዘመኑም እድሳት አለበት። «ኢንሹራንስስ?» አልኩት። «አብሽሪ እህቴ፣ ሁሉም ሙሉ ነው» ብሎ በፕላስቲክ የተያዘ ወረቀት አሳየኝ። የመድን ድርጅቱን አርማ አየሁና በቃኝ። ማንበብ እችላለሁ እኮ! ግን አላነበብኩም።

አሮጌው ቆርቆሮ ወረደ፣ አዲሱ ግማሽ ድረስ ተመታ። ሰኔ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነነፋሱ መጣ። በደንብ ያልተመታ አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ የጎረቤታችንን ባጃጅ መስታወት ሰበረ። በማግስቱ ደግሞ ከሠራተኞቹ አንዱ ልጅ እርጥቡ ማገር ላይ አዳልጦት ወደቀ፣ እጁ ተሰበረ።

ኮንትራክተሩን ደወልኩለት። «ሠራተኛው የኔ አይደለም፣ ቀኑን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ «ሒሳቡ እንዳይምታታብሽ የልጆቹን የቀን በእጅሽ ስጫቸው፣ ከኔ ላይ ይቀነሳል» ብሎኝ ነበር። ለካ አሠሪ እያደረገኝ ነው! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156/2011) ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ስለዚህ የልጆቹን ክፍያ ኮንትራክተሩ ራሱ ይክፈል፣ ውሉም ላይ ሠራተኞቹ የእሱ መሆናቸው ይጻፍ።

ያን ቀን ወረቀቶቹን አውጥቼ አነበብኩ። ኢንሹራንሱ የሚነዳው አይሱዙ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ነው። መኪናው ሰው ቢገጭ ይከፍላል፤ ጣሪያ ላይ ለሚወድቅ ሰው ምን ያገባዋል? ፈቃዱ ደግሞ የራሱ እንኳን አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው። የሥራ መስኩ ላይ «የሕንፃ መሣሪያዎች ችርቻሮ» ይላል። ምስማር መሸጥ ይችላል፣ መምታት አይደለም። ሐሰተኛ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ተታለልኩ እል ነበር። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፣ የኔን ጣሪያ ግን አያውቁትም።

ባጃጁን እኔ ከፈልኩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ አስቀድሞ የማይታሰብ ጉዳት ቢሆንም እንኳ። የባጃጁ ባለቤት ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፣ ግማሹን ተዉልኝ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ የፈቃዱን ዋናውን አምጣ እል ነበር። ስሙ ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው? የሥራ መስኩ ግንባታ ነው? ንግድ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ የሥራ ተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫም መታየት አለበት። የግብር ከፋይ ቁጥሩን ይዞ ንግድ ጽሕፈት ቤት ብቅ ማለት ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። «የወንድሜ ፈቃድ ነው» ካላችሁ እዚያው ላይ ጨርሱ፤ ንግድ ፈቃድ አይከራይም፣ አይዋስም።

ኢንሹራንሱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የግንባታ መድን ሥራውንና ጎረቤት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ሊይዝ ይችላል፤ የሠራተኛው ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ውል ነው የሚገባው። ሁለቱንም ጠይቁ። የውሉን ቁጥር ይዛችሁ የመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ «ይሄ ነገር ጣሪያ ሥራን ይጨምራል? እስከ መቼ ነው?» በሉ። ኮንትራክተሩ በዚህ ከተቆጣ ሌላ ፈልጉ።

ቆርቆሮውንም አትርሱ። በውላችን ባለ 28 ጌጅ ነበር፣ የመጣው 32 ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ እኔ ተቃራኒው መስሎኝ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ውሉ ላይ «የ6 ወር ዋስትና» የሚልም አለ። የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ግን ተቋራጩ ለሠራው ሥራ 10 ዓመት ዋስ ነው ይላል፤ በውል ማሳጠርም አይቻልም። ጠበቃዬ ይሄን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፣ ከዚያ የኮንትራክተሩ ስልክ ዝግ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ክስ ላይ ስለሆንን ስሙን አልጽፍም። ግማሹ ቤት አሁንም ሸራ ነው የለበሰው። ሰውየው ሰሞኑን ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ሥራ እየጠየቀ ነው ብለውኛል። ነጭ አይሱዙ ይዞ፣ በፕላስቲክ የተያዘ ወረቀት እያሳየ «አብሽሩ» የሚል ሰው ከመጣባችሁ፣ ወረቀቱን ተቀብላችሁ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት።