ታይሚንግ ቺንጋ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ የድሬ ሰዎች ይሄን ሳታነቡ ጋራዥ እንዳትገቡ

የጋራዡ ባለቤት የመኪናዬን ቁልፍ ኪሱ ከቶ "መጀመሪያ ክፈል" እያለ የሳቀብኝ ነገር ገና አልበረደልኝም፣ ስለዚህ አቦ ስድብ ካመለጠኝ እለፉኝ።

መኪናዋ ኮሮላ ናት፣ ፋይቭ ኤ ሞተር፣ ከአዲስ አበባ የገዛኋት ስለሆነች ታርጋዋ የዛው ነው (ታርጋውን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል)። ታይሚንግ ቺንጋዋ (የሞተሩን ታችና ላይ አብሮ የሚያዞረው ባለጥርስ ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ሻጩም አያውቅም፣ ከፊት በኩል ደግሞ ዘይት ታፈስ ነበር፣ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ ስለሌለው ሳይበጠስ ላስቀይረው ብዬ ገባሁ። ጋራዡን ታውቁታላችሁ፣ ማለቴ ዓይነቱን። በር ላይ ፕላስቲክ ወንበር፣ ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት "ግባ ወንድሜ ቤትህ ነው" ይላል፣ ዕቃው ሁሉ "ከጅቡቲ የገባ ኦሪጅናል" ነው፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ስለሆነ ሥራው ልጆቹ ላይ ይጣላል። ቺንጋ፣ የመወጠሪያው ኩሽኔታ፣ የዘይት ጎሚኒ፣ የእጅ ዋጋ፣ ሁሉንም ሳልከራከር ከፈልኩ። ማታ "አለቀች፣ አዲስ ሆናለች" ተባልኩ።

ከተማ ውስጥ ብዙም አያስታውቅም። ድሬ ሜዳ ናት፣ ከከዚራ ሳቢያን ምን ዳገት አለው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆማ) ትንቀጠቀጣለች፣ ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች፣ ስጠይቃቸው "አዲስ ዕቃ ነው፣ ይላመዳል" አሉኝ።

ከዛ ቅዳሜ ሐረር ለቅሶ ነበረብን፣ እማዬንና አክስቴን ጭኜ የደንገጎን ዳገት ስጀምር ጉድ ፈላ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ገደማ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ሁሉ ዳገት ነው። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ድምፅ አለ ጉልበት የለም። ሁለተኛ ማርሽ። ከዛ አንደኛ። ወደ አወዳይ ጫት ሊጭን የሚወጣ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈን፣ ቅጥቅጥ አለፈን፣ እማዬ "ልጄ ወርደን እንግፋ እንዴ?" አለች። አክስቴ ጸሎት ጀመረች። ሐረር ስንደርስ የነዳጅ ጌጁ የወረደበትን ባታዩ ይሻላል።

ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ ቦኔት ሳይከፍት "ቤንዚኑ ነው፣ ከጀሪካን ነው የቀዳኸው አይደል?" አለኝ። ከማደያ ነው አልኩት። "እንግዲያው ካንዴላ ነው።" ካንዴላ ተቀየረ፣ ተከፈለ፣ ያው ናት። "የካንዴላ ገመድ ነው።" ተቀየረ፣ ተከፈለ፣ ያው ናት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ራሱ መፍቻ ይዞ መጣና የዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ቡሎኖች አላልቶ፣ ልጁን ነዳጅ እርገጥ እያለ፣ በጆሮው እየሰማ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል "ይሄው!" አለኝ። እኔ አጠገቡ ነኝ፣ አንድ ክንድ አንራራቅም። ልጁ ከመኪናው ወረደና (ተለማማጅ ነው፣ ጢም እንኳን አላወጣም) ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ "ቺንጋው አንድ ጥርስ ስቶ ነው የገባው፣ ያን ቀንም ነግሬሃለሁ፣ ክዳኑን ከፍተን እናስተካክለው" አለው። ሰውየው ቀና ሳይል በዛው በኦሮምኛ "ተወው ባክህ፣ ታርጋውን አታይም እንዴ? የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ነገ ይሄዳል፣ በዲስትሪቢውተር እሸፍነዋለሁ" ብሎ መለሰለት።

ለገሃሬ ተወልጄ፣ አሸዋ ገበያ እየተላኩ ያደግኩትን ሰው! ድሬ ውስጥ እኮ የሱቅ ድመት እንኳን ሦስት ቋንቋ ይሰማል።

እኔም በኦሮምኛ "ታዲያ ለምን አትከፍተውም?" አልኩት። ልጁ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ሰውየው ግን አላፈረም፣ ትንሽ እንኳን። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለና ሳቀ፣ "ኦ! ያገር ልጅ ነህ ለካ፣ አትለኝም እንዴ!" ያገር ልጅ ባልሆን ከነእናቴ ደንገጎ ላይ ብቀር ችግር የለውም ማለት ነው? ክፈተውና አስተካክል አልኩት። "እከፍተዋለሁ፣ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ የእጅ ዋጋውን ግማሽ ትጨምራለህ።" አልጨምርም፣ ቁልፌን ስጠኝ። ቁልፉን ኪሱ ከተተው። "ዲስትሪቢውተር አስተካክዬልሃለሁ፣ መጀመሪያ የሱን ክፈል።" ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ጓደኞቹ በሳቅ ወደቁ፣ አንዱማ ጉንጩን እንደነፋ "ይሄ ሁሉን ካወቀ ራሱ አይሰራውም?" ይላል። 800 ብር። ለመሸፈኛው ማለት ነው። ከፍዬ ወጣሁ፣ ምን ላድርግ፣ መኪናዋን እዛ ጥዬ ልሂድ?

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አለ፣ ዕድሜውን ባቡር ሲጠግን የኖረ ሰውዬ፣ እሱ ጋ ወሰድኳት። የላይኛውን ክዳን ፈታ፣ የታችኛውን ፑሊ በመፍቻ ቀስ እያለ አዙሮ ምልክቱን ዜሮ ላይ አመጣና "ና እይ" አለኝ። የላይኛው ፑሊ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በሷ ስታይ ከኋላ ያለው ምልክት መሃል ላይ መታየት አለበት፣ የኛ ወደ ጎን ሸሽቷል። ልክ ልጁ እንዳለው አንድ ጥርስ። ሽማግሌው ሲያስረዳኝ የታችኛው ሁለቴ ሲዞር የላይኛው አንዴ ነው የሚዞረው፣ አንድ ጥርስ ከሳተ ቫልቮቹ ሁሌ ያለሰዓታቸው ነው የሚከፈቱት፣ ዲስትሪቢውተር ስታዞር የእሳቱን ሰዓት ነው የምትቀይረው፣ ቫልቩ እንደሳተ ይቀራል። ለዛ ነው ቆማ ስትሰማት የዳነች የምትመስለው፣ ዳገት ስታገኝ ግን የለችም።

መወጠሪያውን አላልቶ ቺንጋውን አንድ ጥርስ መለሰው፣ አጠበቀው፣ ከዛ ሞተሩን ሳያስነሳ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ ቦታቸው መመለሳቸውን አየ። ሰነፍ ሜካኒክ የሚዘለው ይሄንን ነው አለኝ። መጨረሻ ላይ ቦኔት ስር ካለችው የምርመራ ሳጥን ሁለት ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ፣ በታይሚንግ መብራት እያየ ዲስትሪቢውተሩን 10 ዲግሪ ላይ አሰረው። በመብራት እንጂ በጆሮ አይደለም! "ይሄ ሞተር ደግ ነው፣ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳን ቫልቭና ፒስተን አይጋጩበትም፣ የዲዝል ዶልፊን ቢሆን ኖሮ ቫልቭ አጣሞ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ታወርድ ነበር" አለኝ። ሂሳቡን ስጠይቀው የሻይ ባትሰጠኝም አልቀየምህም አለ፣ በግድ ነው ያስያዝኩት። በማግስቱ ደንገጎን በሦስተኛ ወጣኋት።

እንግዲህ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ምልክቶቹን አሳዩኝ በሉ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከዛ ሂሳብ ሳትከፍሉ ዳገት ላይ ሞክሯት። ዲስትሪቢውተር በጆሮ ሲያዞር ካያችሁ ቁልፋችሁን ቀድማችሁ ያዙ።

ስሙን ጥራው የምትሉኝ አላችሁ፣ አልጠራም። ያ ልጅ እዛው ነው የሚሰራው፣ ነገር ከመጣ መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ነው። አሮጌ ካንዴላዎቼን ግን ሰውየው ይመልስልኝ፣ ምንም አልሆኑም ነበር፣ ጠራርጎ ለሌላ ሰው አዲስ ነው ብሎ ሳይገጥማቸው።