መልስ የማይጠፋበት ቁርስ ቤት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰሌዳ ያልሰቀለ አንድ ቁርስ ቤት አለ። ደንበኛው ሁሉ «አረንጓዴው በር» ይለዋል። በሩ ቡናማ ከተቀባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስሙን ግን የሚቀባው አልተገኘም። አምስት ጠረጴዛና በግድግዳው ጥግ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለው። ሥጋ አይሠራበትም፤ ስለዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ታጥቦ ጎን ለጎን ይቀመጣል።

ከምግቡ ልጀምር። ቂንጬው 80 ብር ነው፤ ፍሬው ሳይፈርስ የበሰለ፣ ቅቤው እስከ ሰሐኑ ግርጌ የደረሰ። የገብስ ገንፎው 150 ብር ነው፤ ለአንድ ሰው ይበዛል፣ ለሁለት ያንሳል። ፉሉን አልመክርም፤ ቀጭን ነው፣ ሽንኩርቱም ከባቄላው ይበልጣል። ቡናው እዚያው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከጀበና ይቀዳል፤ 20 ብር። ለቡናው ብቻ ብዬ ከሆጤ ሰፈር በእግሬ የምመጣበት ቀን አለ።

ሰው ግን ወደዚህ ቤት የሚመጣው ለሆዱ ብቻ አይደለም። የባለቤቷን አፍ ሊሰማም ይመጣል።

አንድ ደንበኛ በገንፎው ላይ ቅቤ እንዲጨመርለት ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃት «ቅቤው የላም ነው፣ የጦሳ ተራራ ምንጭ መሰለዎት?» አለችው። በስልኩ ለሚጮህ ወጣት ደግሞ «ልጄ፣ ስልኩን ዝጋው፤ በዚህ ድምፅ ያለ ስልክም ኮምቦልቻ ድረስ ይሰሙሃል።» እኔ ራሴ ታምሜ አንድ ወር ስቀር «አንቱ፣ ምነው ጠፉ? ለልቅሶው ድንኳን ልንጠይቅ ነበር እኮ» ብላ ተቀብላኛለች። የቀዳችልኝን ቡና ግን አላስከፈለችኝም።

ከሁሉ የማልረሳው የባለ ከረባቱን ሰውዬ ነው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይመስላል። ጠረጴዛውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ «ስሚ!» ብሎ ጠራት። እሷም ጀበናውን ሳታስቀምጥ «ስሚ የምትባለዋ ልጅ ዛሬ አልገባችም፤ እኔ ልታዘዝ?» አለችው። ሰውዬው ተቆጥቶ ወጣ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ምላሰኛ ናት» አለ፤ ሌላው «አፈኛ ናት፣ እንግዳ ታባርራለች» አለ። ጥግ ላይ የነበሩ አዛውንት «ተረበኛ በሉ እንጂ፣ ቃል አታበላሹ» ብለው ሁለቱንም አረሙ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ በቃል ነገር ጆሮዬ ቀጭን ነው። የስድብ ክስ ስንት ጊዜ በእጄ አልፏል! በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 615 ለስድብ የሚያስቀጣው እስከ ሦስት ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 300 ብር መቀጮ ነው፤ ማለትም ዛሬ በዚህ ቤት ሁለት ሰሐን ገንፎ። ከምስክሮች አፍ የለቀምኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከባዶቹ ስድቦቻችን ብዙዎቹ የከብት በረት ሽታ ያላቸው መሆኑን ነው። ስድ ማለት የተለቀቀ ነው። ጋጠወጥ ከጋጡ ያመለጠ ነው። ያልተገራ ስንል በቅሎው ይታየናል፤ ልጓም የሌለው አፍም ያው የበቅሎው ዘመድ ነው። እነዚህ ቃላት ጠባቂ እንዳልነበረህ ይነግሩሃል። ምላሰኛ ግን ሌላ ነው። ልጅሽ ምላሰኛ ናት የተባለች እናት ትቆጣለች፣ ግን ዞር ብላ ፈገግ ትላለች። ስድ ናት ብትባል ፈገግታ የለም። ለበጣ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ከላይ በወርቅ የተለበጠ፣ ከውስጥ ንቀት። የዚህች ሴት ንግግር ለበጣ የለበትም፤ አሽሙርም አይደለም፤ የምትናገረው ለባለጉዳዩ ራሱ፣ ፊት ለፊት ነው።

ደግሞም ድህነትን፣ መልክንና የወላጅን ስም አትነካም። ቢያንስ እስከ ባለፈው ጥር ድረስ እንደዚያ ነበር።

በጥር አንድ አስተናጋጅ ልጅ ቀጠረች። ልጁ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። አንድ ጠዋት ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ፣ ከገጠር ለገበያ የመጡ ይመስለኛል፣ ቡና አዘዙና ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲሞቁ «አባባ፣ ቶሎ ጠጣና ተነስ፤ ሰው ቆሟል» አላቸው። በመዝገብ ላይ ብጽፈው አንድም የስድብ ቃል አይወጣውም፤ እንዲያውም «አባባ» ብሏል። ስድቡ ያለው በግሡ ጭራ ላይ ነው። አባቱን አንተ የሚል ልጅ ሞልቷል፤ እሱ የቅርበት ነው። የማያውቁትን ሽማግሌ «ጠጣና ተነስ» ማለት ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ስኒውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ፣ 20 ብራቸውን ከጎኑ አኖሩ፣ ወጡ። በዚችው ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር ማብያ አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ባለቤቷ ከጓዳ ወጥታ እስከ መንገዱ ሮጠች፤ አልደረሰችባቸውም። ተመልሳ በደንበኛው ሁሉ ፊት ልጁን «ስድ አደግ!» አለችው።

እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ልጁ ጥፋተኛ ነው፤ ግን ስድ አደግ ሲባል ልጁ ብቻ አይሰደብም፣ ያሳደገችውም አብራ ትሰደባለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በዚህ ቤት ቅቤው ራሱ የሚቆጠር ነውና ወለምታው ሲቆይ ታየ፤ ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል ከ«እሺ» በቀር ቃል አልወጣውም። አሁን ለሁሉም ሰው፣ ለተማሪዎቹም ጭምር፣ «ምን ልታዘዝ?» እያለ ጎንበስ ይላል። በዝቷል፤ ግን ከበፊቱ ይሻላል።

ቤቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል፤ አርብ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይዘጋል። ሁለት ሰዓት ላይ የሄደ ቆሞ ይጠብቃል። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ፤ መሳቢያዋ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ትናንት ለቂንጬና ለቡና 200 ብር ሰጥቻት ብዙ ከቆምኩ በኋላ «እትዬ፣ መልስ» አልኳት።

«የትኛውን?» አለች።